ከኒውላንድ እስከ ሆላንድ

መደበቅ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሰው ለመደበቅ ወፍራም ዛፍ ወይም ጨለማ ጓዳ ይበቃል ብሎ ያስባል። ስህተት ነው! ለመደበቅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፈላጊ ነው። ልጅ ሆነን ድብብቆሽ ስንጫወት፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» የሚል አንድ ምስኪን ባይኖር ኖሮ፣ እኛ ከጎተራ ኋላ ተጎልተን «አልነጋም!» የምንለው ለማን ነበር? ለጎተራው? ፈላጊ የሌለው ሰው ተደበቀ አይባልም። ብቻውን ነው የሚባለው።

ይህን ታላቅ ፍልስፍና የደረስኩበት ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ታላላቅ ሐሳቦች የሚወለዱት በቀዝቃዛ አገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። በመጋቢት ወር ወደ ጋምቤላ ብቅ ካላችሁ እንደምታዩት፣ እዚህ ሐሳብ ይቀቀላል እንጂ አይወለድም። እንዲያም ሆኖ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ እያለ ደርሼበታለሁና ትንሽ አድናቆት አትንፈጉኝ።

ስሜን ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ቲቸር በሉኝ፤ ከተማው የሚለኝ እንደዚያ ነው። ተማሪዎቼ ቲቸር ይሉኛል፤ እሱስ ደግ። የባጃጅ ሹፌሩም ቲቸር ይለኛል። አሳ የምትሸጥልኝ ሴትዮ፣ ቤት ያከራየኝ ሰውዬ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ ሁሉም ቲቸር ነው የሚሉኝ። ትውልዴ ደጀን ነው፤ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ለሁለት ዓመት ብቻ ብዬ ወደ ጋምቤላ መጣሁ፤ ሁለቱ ዓመት ግን እስካሁን አላለቀም። በመሀሉ ጸጉሬ ሸበተ። ሚስት ለማግባትም አንድ ሁለቴ አስቤ ነበር። ማሰብ መልካም ነገር ነው፤ ችግሩ ብቻህን የሚሠራ ሥራ መሆኑ ነው።

በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ነበር፤ ጋትሉዋክ። የእንግሊዝኛ መምህር ነው፣ የኑዌር ልጅ፤ ክፍል የሚገባው በሩን ጎንበስ ብሎ ነው። ከሥራ ስንወጣ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንጣላለን፣ አብረን ወደ ባሮ ድልድይ ወጥተን ነፋስ እንጠብቃለን። ነፋሱ አይመጣም፤ እኛ ግን ቀጠሮ አክባሪዎች ነበርን። ከዚያ ጋትሉዋክ ፑኝዶ፣ የስደተኞች ጣቢያው አጠገብ፣ የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ። ሲሄድ ሁለት ነገር ትቶልኝ ሄደ፤ አንድ ቪፒኤን እና አንድ ባዶ ወንበር። አልፎ አልፎ ይደውላል። ደውሎ ስሜን ሲጠራኝ ለአፍታ ያህል ማን ነው የተጠራው ብዬ ዞር እላለሁ።

የቪፒኤኑን ነገር ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ጋትሉዋክ ከመሄዱ ትንሽ ቀደም ብሎ ማኅበራዊ ሚዲያው ሁሉ ተዘጋ። ተዘጋ ስላችሁ፣ ማንም መጥቶ «ዘግተነዋል» አላለም። የሰፈር ባለሱቅ እንኳ ሱቁን ሲዘጋ «ለቅሶ ሄጃለሁ» ብሎ ወረቀት ይለጥፋል። ድረ ገጽ ሲዘጋ ግን የምታዩት አንዲት ክብ ነገር ስትሽከረከር ብቻ ነው። ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ እናንተም ዓይናችሁን ተክላችሁ አብራችሁ ትሽከረከራላችሁ። የሆቴሉ ግቢ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሰው «ኔትወርክ ነው» አለ፤ ግማሹ «ኔትወርክ አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው» አለ። ደስ የሚለው ነገር ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በሹክሹክታ ነበር።

ቪፒኤን ለማታውቁ ላስረዳ፤ አስተማሪ ነኝና ማስረዳት ደስ ይለኛል። ስልካችሁ ከጋምቤላ ተነስቶ ወደተዘጋው ገጽ ቢሄድ በሩ ላይ «ወዴት ነህ?» ተብሎ ይመለሳል። ቪፒኤን ግን ስልካችሁን በጓሮ በኩል አስወጥቶ ሌላ አገር ይወስደዋል፤ እዚያ የሰው አገር ካፖርት ያለብሰዋል፤ ከዚያ «እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ» እያለ ኮራ ብሎ ይገባል። ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ የሚያውቅ የለም። ጋትሉዋክ ይህን ስልኬ ላይ ጭኖ የአገሮቹን ስም ደረደረና «ወንድሜ፣ የት ልላክህ?» አለኝ።

እስቲ አስቡት! ስንት ዘመን ሙሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ አገሮችን በዱላ ስጠቁም ኖሬያለሁ። የት መሄድ ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ግን ያን ቀን ጋትሉዋክ ብቻ ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና ለኒውላንድ ሰው የሚቀርበው ሆላንድ ነው ብዬ ሆላንድን መረጥኩ። ቢያንስ ግማሹን ስም ለምጄዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያ ግቢ የዓለም ጉባኤ አዳራሽ ሆነ። በስተቀኝ ጀርመን ቁጭ ብሎ የተጠበሰ አሳ አጥንቱን ይለቅማል። በስተግራ ሲንጋፖር ጥርሱን ይጎረጉራል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ካናዳ ሆኖ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ከተማችን ድንበር ተሻግሮ የመጣን ሰው ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት፤ እነሱ የሚመጡት ልጅ አዝለው፣ ፍራሽ ተሸክመው፣ በእግራቸው ነው። እኛ ደግሞ አመሻሹ ላይ ከወንበራችን እንኳ ሳንነሳ አገር ጥለን እንጠፋ ጀመር። በዚህ ማፈር እንዳለብን አስቤ ነበር፤ ሻዩ መጣና ረሳሁት።

ምስጢር ጠባቂነታችንን ደግሞ ልንገራችሁ። ሁላችንም ማንነታችንን ለመሰወር ይህን ሁሉ ስንደክም፣ የምንጠቀመው የሆቴሉን ዋይፋይ ነበር። የይለፍ ቃሉ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም፣ ከመንገድ እንዲነበብ ሆኖ ተጽፏል። ሰው ሁሉ የማን ስልክ በየትኛው ጥግ ይበልጥ እንደሚይዝ ያውቃል። በሲም ካርዴ ዳታ እንዳልሞክር ቪፒኤኑ አይነሳም፤ ይታክተዋል። ዋይፋዩም ቢሆን እንደ እኔ ላለ አሮጌ ስልክ ቪፒኤን የሚሸከም ጉልበት ያለው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ከማንጎው ግንድ ሥር ያለው ወንበር፣ ሁለተኛው ከጀነሬተሩ አጠገብ በመስኮቱ በኩል ያለው አግዳሚ። ከእነዚህ ውጪ ክቧን ማየት ለሚወድ ሰው ቦታ ሞልቷል።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ የማደርገው ለምን ነበር? መንግሥት ልገለብጥ? ኧረ በፍጹም። አንድ የአማርኛ መጨዋወቻ ገጽ ነበር። እውነተኛ ስም አይጠይቅም፤ ቅጽል ስም ትሰጡትና ከስሙ አጠገብ ከምትገቡበት አገር ባንዲራ እሱ ራሱ ይለጥፍላችኋል። እኔ ቅጽሌ «ጥላ» ነበር፤ ጋምቤላ ለሚኖር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ የለም። ከመዘጋቱ በፊት በገዛ አገሬ ባንዲራ እየገባሁ «ደህና አመሻችሁ?» እል ነበር። ማንም አይመልስልኝም። አንድ ቀን ብቻ አንድ ሰው «እሺ» አለኝ፤ እሱም ለሌላ ሰው ነበር።

የሆላንድ ባንዲራ ተለጥፎብኝ «ደህና አመሻችሁ?» ያልኩ ቀን ግን ጉድ ፈላ! ሰዉ እንደ ሠርግ ቤት ተሰበሰበብኝ። አንዱ «ጋሼ ጥላ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?» አለኝ። አንዱ እንዴት እንደሄድኩ ሂደቱን እንድነግረው ለመነኝ። አንዲት ልጅ የሆላንድ ላሞች በእርግጥ በሙዚቃ ነው ወይ የሚታለቡት ብላ ጠየቀችኝ። ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዱ ተቆጪ ነው። «አገራችሁን ጥላችሁ ተሰዳችሁ እዚያ ተመቻችታችሁ ታወራላችሁ፣ ከሃዲዎች!» ብሎ ጻፈልኝ። ከኢትዮጵያ ውልፍት ብዬ የማላውቅ ሰው፣ ኒውላንድ ተቀምጬ፣ የወባ ትንኝ በጥፊ እየመታሁ፣ ከሃዲ ተባልኩ። እውነቱን ልናገር አይደል? ስድቡ እንኳ ደስ አለኝ። ቢያንስ ለእኔ ተብሎ የተጻፈ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል «ማንጎ» የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ባንዲራዋ የኖርዌይ ነው። እኔም እንደ ሙያዬ መረመርኩ፤ ኖርዌይ ማንጎ አይበቅልም፤ ስለዚህ ይህች ሴት ማንጎ ናፍቋት ነው ስሙን የያዘችው ብዬ ደመደምኩ። ይህን ስደመድም አንድ የበሰለ ማንጎ ከላዬ ወድቆ ጠረጴዛዬን መታው። ልብ አላልኩትም። ሳይንስ ላይ ነበርኩ።

የምናወራው ስለ ብርድ ነበር። እኔ ከመማሪያ መጽሐፌ እየቀዳሁ ቦዩ ሁሉ በረዶ ሠርቶ ሕዝቡ እየተንሸራተተ ሥራ እንደሚሄድ ተረኩላት። እሷ በረዶው እስከ ጉልበቷ እንደሚደርስ፣ ጠዋት ጠዋት በሯን በአካፋ እንደምትከፍት ተረከችልኝ። ላቤ ስልኩ መስታወት ላይ እየተንጠባጠበ እሷን «ለመሆኑ ብርዱን እንዴት ቻልሽው?» አልኳት። «በጋቢ» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። ስለ ጋቢ የተናገርነው ብቻ ነበር እውነት፤ ያው ሁለታችንም የሆነ ሳጥን ውስጥ የተጣጠፈ ጋቢ ነበረን።

እዚህ ላይ ስለ ጠላቴ ካልነገርኳችሁ ወጉ አይሟላም። በዚያው ግቢ አንዲት ሴት ነበረች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ዝምተኛ፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ የምትመጣ። ይህች ሴት የማንጎውን ወንበር ትመኝብኝ ነበር። ቀድማኝ ከመጣች ትይዘዋለች፤ እኔ ከጀነሬተሩ ጎን ጆሮዬ እስኪደነቁር እቀመጣለሁ። ቀድሜያት ከመጣሁ እሷ ወደ ጀነሬተሩ ትሄዳለች፤ ስታልፍ ወንበሩን ታየዋለች፣ እኔን አታይም። ሰላምታ የለም። ወንበር ባያጣላን ኖሮ ጭራሽ አንተያይም ነበር። ማን እንደሆነች አስተናጋጇን አሪያትን ብጠይቃት «ሲስተር ነው፣ አዋላጅ ነው፣ ከማታር ለሥልጠና መጣ» አለችኝ። አሪያት በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታስተናግዳለች፤ አማርኛው ላይ ሴቱን ወንድ ብታደርገው ማን ይፈርድባታል? እኔ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ በቋንቋዋ ማመስገን ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱንም ስናገር ትሪዋን አስቀምጣ ትስቃለች።

አንድ አመሻሽ ከማንጎ ጋር ስለ በረዶ ሳወራ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ጀነሬተሩ እያሳለ እስኪነሳ ጠብቄ ተመልሼ ስገባ፣ እሷም ገና መመለሷ ነበር። ጠፋሽብኝ ብላት፣ ከባድ ነፋስ መስመር በጥሶባት እንደነበር ነገረችኝ። አንተስ ስትለኝ፣ ድልድይ ሲጠግኑ መስመሩን ቆረጡት አልኳት። የጻፈችልኝን ቀጣይ ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «ኩኩሉ» ብላ ጻፈች። ጣቴ እኔን ሳያማክር «አልነጋም» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ሰላምታችን ይኸው ሆነ። ተማሪዬ ኖርዌይና ሆላንድ ውስጥ ሁልጊዜ እኩል መብራት ይጠፋል ብሎ ፈተና ላይ ቢጽፍልኝ ወላጅ አስጠራው ነበር። እኔ ግን አምኜ ተቀመጥኩ። ለምን? የራሴን ውሸት እንዳይፈርስ ደግፌ ስለያዝኩ የእሷን ልነካካ እጅ አልነበረኝም።

እየቆየን ስንሄድ በዚያ በውሸት በረዶ ላይ ተቀምጠን እውነት እውነቱን ማውራት ጀመርን። በዓል ሲመጣ ሥራ ላይ ናት። ሰዎች በሕይወታቸው ትልቁ ቀን አጠገባቸው ትሆናለች፣ ከዚያ አመስግነው፣ ደስታቸውን ታቅፈው ይሄዳሉ፣ እሷ ትቀራለች። ኤርፖርት የምትሠራ መሰለኝ። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። እዚህ አገር ሁሉም ሰው በሥራዬ ነው የሚጠራኝ፤ ስሜን የሚጠራ አንድ ወዳጅ ነበረኝ፣ እሱም ሄደ፤ መንገድ ላይ ስሜ ቢጠራ የምዞር አይመስለኝም አልኳት። ብዙ ቆየች። ኔትወርክ ነው ብዬ ክቧን ፈለግኩ፤ ክብ የለም። ከዚያ «እኔንም» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ከወትሮው ቀደም ብላ ገብታ ወደ ሰሜን ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ኔትወርክ እንደ ዘመድ ጥየቃ ነው የሚመጣው፣ እንግዲህ መቼ እንደምንገናኝ እንጃ አለችኝ። የኖርዌይ ሰሜን ዓይኔ ላይ መጣ፤ ተራራው፣ ባሕሩ፣ የማትጠልቀው ፀሐይ። ልቤ ወረደ። አስከትላም ነገ አመሻሽ የመጨረሻዬ ነው፣ ከመሄዴ በፊት «ነጋ» እንባባል አለችኝ። የጨዋታው ሕግ ትዝ ይላችኋል? ተደባቂው «አልነጋም» ሲል ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ነጋ!» ካለ በኋላ ነው ፈላጊው የሚነሳው። እሷ እውነተኛ ስሟን ልትነግረኝ፣ እኔም ልነግራት ማለት ነው። እሺ አልኳት። ሌሊቱን ስሜን ስለማመድ አደርኩ። ከአፌ ሲወጣ የሰው ስም ይመስላል።

በማግስቱ ታጠብኩ። ነጩን ሸሚዜን በካውያ ተኮስኩት። ስልክ ላይ ስም ለመጻፍ ሸሚዝ መተኮስ ምን ይሉታል? እኔም አላውቅም፤ ግን ተኮስኩት። ቀድሜ ሄጄ የማንጎውን ወንበር ያዝኩ፤ ያን ቀን ጠላቴ ቀርቶ ጎርፍ ቢመጣ አልነሳም ነበር። ግቢው ሥልጠናቸውን በጨረሱ ሠልጣኞች ተሞልቷል። ሻንጣቸውን ከምረው፣ የመስኮቱን አግዳሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረውበት ለስላሳ ይጠጣሉ።

ቪፒኤኑን ገና ልከፍት ስል አንድ ጥላ ስልኬ ላይ አረፈ። ቀና ብል ሲስተር ናት። ጸጉሯን አዲስ ተሠርታለች፤ እንዲያ ለብሳ አይቻት አላውቅም። ወንበር ልትነጥቀኝ እንደመጣች ገባኝና ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ግን እጆቿን አጣምራ፣ እንደ ልጅ አፍራ፣ እንዲህ አለችኝ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለዛሬ ብቻ ወንበሩን ይለቁልኛል? ነገ ወደ ማታር እመለሳለሁ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ዛሬ ደግሞ… ከሆላንድ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

ምን ትላላችሁ? ያ ነፋስ፣ ያ አካፋ፣ ያ ኤርፖርት፣ ያ ወንዝ ዳር ያለ ትንሽ ከተማ ሁሉ እንደ ወደቀ ሸክላ ፊቴ ላይ ተንኮታኮተ። ማታር! ማታር እኮ በስተምዕራብ ነው፤ ሴትዮዋ አቅጣጫውን እንኳ ዋሽታኛለች። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመጣብኝ እግሬ ግን እንደ ጨዋ ሰው እግር ብድግ አለ። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አልኩና ወንበሩን በመሀረቤ ጠረግኩላት። አመሰገነችኝና ተቀመጠች። እኔ ከበሩ አጠገብ ወዳለ ባዶ ወንበር ሄድኩ።

ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ስልኬን ብከፍተው ክቧ ትሽከረከራለች። ቪፒኤኑን ብጫነው ክቧ ትሽከረከራለች። ወንበሩን ለእሷ ስለቅላት ሆላንድን ይዤባት ሄጃለሁ። እሷ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ከሩቅ አገር ሰው ትጠብቃለች፤ ሩቅ አገሩ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ያያታል።

ታዲያ ሄዶ መንገር ነዋ! ትላላችሁ። እናንተ እዚያ አልነበራችሁም። ሄጄ ምን ልበላት? በሙሉ ግቢ ሕዝብ መሀል፣ ሸበቶ ሰው፣ የተከበርኩ መምህር፣ አንዲት ሴት ፊት ቆሜ «ኩኩሉ» ልበል? ሠልጣኞቹ ሁሉ የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ እዚያው መርፌ ይወጉኝ ነበር። ቀልዱን ትቼ ልናገር፤ ፈራሁ። መሳቋን አልፈራሁም። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈራሁት፣ ፊቷን። ይህች ሴት ከእኔ ጋር ስንት አመሻሽ አንድ ዛፍ ሥር ስትቀመጥ አንድም ቀን ልታወራኝ ፈልጋ አታውቅም። ጸጉሯን የተሠራችው ለሆላንዱ ነው። ስሜን ስነግራት «አሃ… እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብትለኝና እዚያች «እንዴ» ውስጥ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ቅሬታ ብሰማባትስ? ያን ሰምቼ በማግስቱ ማንን ቲቸር ሊሉ ነው? እሷ ላይም ልፍረድ እንዴ፤ እኔስ እሷን ወንበር ነጣቂ ከማለት በቀር ምን ብያት አውቃለሁ?

ሠልጣኞቹ አንድ በአንድ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ። ፀሐይዋ ከጣሪያው በታች ወረደች። አግዳሚው ባዶ ሆነ፤ ሄጄ እዚያ ተቀምጬ ሆላንድ መግባት እችል ነበር። ልነሳ ስል አሪያት መጣችና ዋይፋዩን ልትዘጋው መሆኑን፣ ሲስተር ግን ትንሽ ጠብቁኝ እያለ እንደሚለምናት ነገረችኝ። «ሰው ይጠብቃል» አለችኝ፤ ወደ ማንጎው በአገጯ እያሳየችኝ። «ሰውዬው ግን አይመጣም። ያሳዝናል።» ማን እንደሚያሳዝን አላብራራችልኝም። በአሪያት አማርኛ ሁለታችንም እንሆናለን።

ስሜን ኋላ እነግራችኋለሁ ብያችሁ ነበር። ታገሡኝ፤ ቀድማ ልትሰማው የሚገባት እሷ ናት ብዬ ተነሳሁ። ሸሚዜን አስተካከልኩ። ከበሩ እስከ ማንጎው ያለችው መንገድ እንደ ባሮ ድልድይ ረዘመችብኝ። ስደርስ በትከሻዋ በኩል የስልኳን መስታወት አየሁት። «ኩኩሉ» ይላል። ከሥሩ «ኩኩሉ» ይላል። ከዚያም ሥር አንድ ጊዜ ጽፋ ሳትልከው የተወችው ሌላ «ኩኩሉ» ነበር። አፌ ውስጥ «ነጋ» የምትለው ቃል ተዘጋጅታ ቆማለች። ከንፈሬን ከፈትኩ።

«ኔትወርክ አለ፣ ሲስተር?» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ስታየኝ ይኸ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ ትንሽ ቀልቷል፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ኔትወርኩስ አለ» አለችኝ፤ «ሰው ነው የጠፋው።»

አሪያት ከኋላችን ወንበሮቹን እየደራረበች ነው። ሲስተር ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ አወጣችው፣ እንደገና ከተተችው። ከዚያ ድንገት ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞር አለችና ጂኦግራፊ አስተማሪ እንደሆንኩ ከአሪያት መስማቷን ነገረችኝ።

«እስቲ ልጠይቅዎት፤ ሆላንድ ከዚህ በጣም ይርቃል?»

በመሀከላችን አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ነበር። ላዩ ላይ አንድ የወደቀ ማንጎ።

«በጣም» አልኳት። «በጣም ይርቃል፣ ሲስተር።»